በጀዊሪያ እቅፍ ያለው

ያሕያ ኑሪ ያን ደብዳቤ ከላከ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ያበላሸው ጨርቅ ለአንድ ሠርግ ይበቃል። አራት ሜትር ፖፕሊን ላለችው ሴት ሦስት ሜትር ተኩል ቆርጦ ሰጥቷታል፤ ካኪ ለጠየቀው ዘበኛ አቡጀዲ አውርዶለታል፤ ትናንት ደግሞ በመቀሱ የጨርቁን ጫፍ ትቶ የገዛ ጣቱን ሊቆርጥ ለጥቂት ነው የተረፈው። አባቱ ሐጂ ኑሪ በጉለሌ ሜትር ባለማጉደል የሚታወቁ ነጋዴ ናቸውና የልጃቸው ነገር አሳስቧቸዋል። "ልጄ፣ የታመመ ሰው ሱቅ አይከፍትም፤ ወይ ዳን ወይ ተኛ" ይሉታል። ያሕያን የያዘው በሽታ ግን ተኝተው የሚድኑት ዓይነት አልነበረም።

አዲስ ለመጣ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው።

ጀዊሪያ ሙሔ የወሎ ሰው ልጅ ናት። አባቷ ተሸካሚ ነበር፤ ሲሞት ለእናቷ ለሙኒያ የተወላት አንዲት ክፍል ቤትና ይህችን አንዲት ልጅ ነው። እናት በርበሬና ቅመም እየቸረቸረች አስተማረቻት። ልጅቱም የዋዛ አልሆነችም፤ ስድስት ኪሎ ገብታ ፊዚክስ አጥንታ፣ አሁን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሬትን ከፍ ዝቅ የምትለካ ባለሙያ ናት። ያሕያ በአንጻሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ማትሪክ አልመጣለት ብሎ ከአባቱ ባንኮኒ ኋላ የቀረ ወጣት ነው። ሀብቱ እሱ ቤት፣ ዕውቀቱ እሷ ቤት። ሐጂ ኑሪ ደግሞ ለልጃቸው ከስልጤ፣ ከአገር ቤት፣ ዘመዶቿን የሚያውቋቸውን ልጃገረድ ሊያመጡለት ካሰቡ ቆይተዋል። ስለ ጀዊሪያ ሲነገራቸው "ከወንድ ጋር በመኪና በረሃ ለበረሃ የምትዞር ሴት ለቤቴ አትሆንም" ብለው አንድ ጊዜ ተናግረው ዘግተውታል።

ሁለቱ የተዋወቁትም በሐጂ ደጃፍ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በ1972፣ ጀዊሪያ ባለሦስት እግር መሣሪያዋን ከሱቁ ፊት ለፊት ተክላ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ደረጃው ላይ ስታስቆም ሐጂ ኑሪ ክው ብለው ወጡ። ዘመኑ ሜትር የያዘ የመንግሥት ሰው ደጃፍ ላይ ሲታይ ቤት ሊወረስ ነው ተብሎ የሚፈራበት ዘመን ነበር።

"ቤቴን ልትወርሱት ነው?" አሉ።

"አይደለም አባባ፤ እኔ የምለካው ቤትዎን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መሬት ነው።"

"መሬቱንማ ወርሳችሁ ጨርሳችኋል!"

ጀዊሪያ ሳቋን መያዝ አቃታት። ያሕያም ሳቀ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ልጅቱ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በመሣሪያው ውስጥ ስትመለከት፣ ያሕያ ባንኮኒው ላይ እንደ ተደገፈ ቀረ። ሰው ሥራውን እንዲህ ሲወድ አይቶ አያውቅም ነበር። በሳምንቱ አዝራር ልትገዛ ብቅ አለች፤ በሌላው ሳምንት ክር። ያሕያ አንድ ጥቅል ክር ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ቸኩዬአለሁ አላለችም።

ከከተማ ስትወጣ ትጽፍለታለች። የሥራዋ ቦታ ከዝዋይ ሐይቅ ወዲያ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ እሳተ ገሞራ ነው። "ያሕያ" ትለዋለች ካለፈው ዓመት ደብዳቤዎቿ በአንዱ፣ "ዛሬም ከፀሐይ ጋር ተሽቀዳድሜ ተሸነፍኩ። ረፋድ ላይ አየሩ ሲግል የዘንጉ ቁጥሮች ዓይኔ ሥር መደነስ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ከአንዱ የናስ ምልክት ወደ ሌላው አርባ አርባ እርምጃ እያልን ተራራውን እንወጣለን። ስንመለስ ድምሩ ካልገጠመ ሁሉም እንደገና ነው። ትናንት ድምሩ በጥፍር ውፍረት ቢስትብኝ ዛሬ መንገዱን በሙሉ ደገምኩት። ሰው ሁሉ ተራራ አይንቀሳቀስም ይላል። እኔ ግን ሲተነፍስ ይዤዋለሁ።"

ያሕያ ይህን ደብዳቤ በቃሉ ያውቀዋል። ለአንዲት የጥፍር ውፍረት ብላ ተራራ የምትደግም ሴት እሱን መምረጧ እየደነቀው፣ ማታ ማታ ፋኖሱን አስጠግቶ ደጋግሞ ያነበው ነበር።

ይህን ፍቅር ያበላሹት የያሕያ አክስት እትዬ ዘይነብ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ያሕያን በሦስት ዓመቱ እናቱ ስትሞትበት ተቀብለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሐጂ ኑሪም ያለ እህታቸው ምክር ስኳር እንኳ አይገዙም። በዚህ በጥር መጀመሪያ አንድ ጠዋት፣ ወተት ሊያመጡ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ሲሉ የመንግሥት ላንድሮቨር ታልፋቸዋለች። ቀና ቢሉ ጀዊሪያ ናት። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ዳክዬ በተሳለበት የሕፃን ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። መኪናው ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ታነሣዋለች። "ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እንዳይነቃነቅብኝ! መስኮቱንም ይዝጉልኝ፣ ብርድ እንዳያገኘው" ስትልም በጆሯቸው ሰሙ።

"ወላሂ፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግርህ" አሉት ያሕያን ወተቱን እንኳ ሳያስቀምጡ። "ልጅ ነው! አዲስ የተወለደ ነው! ከመስከረም እስከ ኅዳር ሦስት ወር ሙሉ ከተማ አልነበረችም አይደል? እንግዲህ ሂሳቡን አንተው ሥራው።"

ያሕያ መጀመሪያ ሳቀ። ማታ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። ጀዊሪያ ከታኅሣሥ ወዲህ ስለ አንድ አዲስ ሥራ ስትጠየቅ "እሱን መናገር አልተፈቀደልኝም" እያለች ወሬ ትለውጥ ነበር። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ያን ዝምታና ይህን ብርድ ልብስ አንድ ላይ ሰፋቸው። ከዚያ ብዕር አነሣ። "ልጅ እንዳለሽ ሰምቻለሁ፤ አባቱም መኪና እንደሚነዳልሽ። ደስ ይበላችሁ። እኔን ግን ከእንግዲህ እንደማታውቂኝ ቁጠሪኝ" ብሎ ጽፎ በፖስታ ላከው። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጻፈም።

ይኸውልህ፣ አሥራ ሰባት ቀን።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጸጉራቸው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ካኪ ኮት የለበሱ ሰው ወደ ሱቁ ገቡ። የላንድሮቨሩ ሹፌር ጋሽ በዳሳ ናቸው። ያሕያ ሲያያቸው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ሰውየው ከኪሳቸው ፖስታ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ስጥልኝ ተብዬ ነው" አሉና፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ፈጠን ብለው ወጡ።

ለያሕያ የገዛ ደብዳቤው ነበር የተመለሰለት። ከግርጌው፣ እሱ "ቁጠሪኝ" ብሎ ከጨረሰበት ሥር፣ ጀዊሪያ በዚያ በሚያውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈቷ ሁለት መስመር ጨምራበታለች። ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ዘይነብ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸውና፣ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው እየገጣጠሙ ጮክ ብለው አነበቡት።

"ነገ... ጠዋት... አንድ ሰዓት... ከቁስቋም በታች... ከዓለቱ ጋ... እሆናለሁ። የሰማኸውን... ልጅ... መጥተህ... እየው!"



"አላልኩህም?" አሉ እትዬ ዘይነብ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ረታ ሰው አልነበረም። የያሕያ ፊት አመድ መስሎ ነበር። ያሕያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልቡ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ውሸት ነው ብላ ትመልስልኛለች ብሎ ይጠብቅ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

*

በማግስቱ ያሕያ ዳገቱን ሲወጣ እትዬ ዘይነብ ከኋላው እያለከለኩ ተከተሉት። "ብቻህን አትሄድም" ብለው ሙጭጭ አሉ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጎንበስ እንዳሉ ሰላምታ እየሰጧቸው አለፉ፤ ባሕር ዛፉ መካከል ጭጋጉ ገና አልተነሣም።

ላንድሮቨሩ ከመንገድ ዳር ቆሟል። ጋሽ በዳሳ ኮፈኑ ላይ ተደግፈው ዳቦ ይገምጣሉ። ጥቂት እርምጃ ወደ ታች፣ ከመሬት በወጣ ሰፊ ጥቁር ዓለት ላይ፣ ጀዊሪያ ተንበርክካለች። ራሷን በሻሽ አስራለች፤ ከሱሪዋ ላይ ቀሚስ ደርባለች። ከፊቷ ዳክዬ ያለበት ብርድ ልብስ ተቀምጧል።

ቀና ብላ ያሕያን አየችው። ከእሱ ቀጥሎ ያሉትን ሴትዮ ስታይ ቅንድቧ ከፍ አለ።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ ዘይነብ። ቀረብ ይበሉ። እርስዎም ያላዩትን ይዩ።"

ብርድ ልብሱን ገለጠች።

ከውስጡ የወጣው የዳቦ ቆርቆሮ የሚያህል ግራጫ ሣጥን ነው። ከላዩ ላይ ሁለት ትናንሽ ውሃ ልኮች፣ ባለቁጥር ዘዋሪ፣ ዓይን የሚጣልበት አንድ ቀዳዳ አለው፤ ከጎኑ የባትሪ ሽቦ ወጥቷል። እትዬ ዘይነብ ተጠግተው አዩት፤ ዞር ብለው ከጀርባው አዩት፤ ብርድ ልብሱን አንሥተው ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለ ፈተሹ።

"ልጁስ?" አሉ።

"ይኸው ነው ልጁ። የመሬት ስበት መለኪያ ይባላል። በአገሩ ያለው አንድ ይሄ ነው፤ በታኅሣሥ ነው የገባው። ከሆዱ ያለው የሽቦ ሞላ ከፀጉር ይቀጥናል። ከተንገጫገጨ የወር ሥራ ገደል ይገባል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ የሚነግረኝን ቁጥር ማመን አልችልም። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ አቅፌው እሄዳለሁ። ብርድ ልብሱ ከጋሽ በዳሳ የመጨረሻ ልጅ የተዋስኩት ነው።"

"እኔ ሰባት ልጆች አሉኝ" አሉ ጋሽ በዳሳ ዳቦአቸውን እያኘኩ። "ስምንተኛውን በፖስታ የላክህልኝ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ባለቤቴ ብትሰማ ኖሮ ዛሬ እዚህ አታገኘኝም ነበር።"

ያሕያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ጀዊሪያ ግን አልሳቀችም። ወደ ሣጥኑ ዞራ ሥራዋን ጀመረች። ሦስቱን እግሮቹን በጣቶቿ ጫፍ እያሾረች የውሃ ልኮቹን አረፋ መካከል አመጣች፤ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች፤ ዘዋሪውን በጣም በዝግታ፣ ሰው ሕፃን እንዳይቀሰቅስ በር እንደሚዘጋ አድርጋ አዞረች። ቁጥሩን ለጋሽ በዳሳ ነገረቻቸውና እሳቸው ጻፉት። ዘዋሪውን ሆን ብላ ከልኩ አሳለፈችው፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሦስት ጊዜ። ያሕያ ጣቶቿን አየ፤ ከብርዱ የተነሣ ጫፋቸው ነጭ ሆኗል፤ አንዳቸውም ግን አልተንቀጠቀጡም። ያፈረውን ያህል ኮራባት፤ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ቦታ ተጣበባቸው።

"ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉ እትዬ ዘይነብ። "ልጄ" ማለታቸውን ራሳቸውም ልብ አላሉትም።

ጀዊሪያ ሣጥኑን እየጠቀለለች መለሰችላቸው። "ዝዋይ ማዶ አንድ ተራራ አለ፣ እትዬ። ከፍታውን ስንለካው በሁለት ዓመት ስንዝር ያህል ተነሥቷል። መሬት ከፍ ሲል ስበቱ በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ግን ከሥሩ ከባድ ነገር ገብቷል ማለት ነው፤ የቀለጠ ዓለት። በውጭ ምንም አይታይም፤ ከብቱ ይግጣል፣ ሰው ያርሳል። ይሄ ብቻ ነው የሚያውቀው።"

 እትዬ ዘይነብ ድንገት በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

"ያ ረቢ! ያረገዘው ተራራው ነዋ!"

ጋሽ በዳሳን ዳቦው ትን አላቸው። ጀዊሪያም በዚህኛው አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። ግን ሳቋ ሲያልቅ ዓይኖቿ ውስጥ ውሃ ነበር፤ ወደ ያሕያ ዞረች።

"የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ስለ መሣሪያው ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ ነበር፤ ትናንት ለምኜ አስፈቅጄ ነው ያሳየሁህ። ሰው የፈለገውን ያያል፤ የፈለገውን ያወራል። እሱ አላቆሰለኝም። አንተ ግን ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ። 'ጀዊሪያ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?' ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? ስንት ቀን ነው ያመንከው?"

ያሕያ አፉን ከፈተ። 

"አሁን አትመልስልኝ" አለች። "ዛሬ ዝዋይ ወርደን አምስት ነጥብ ለክተን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ እንመለሳለን። ከተነሣንበት ነጥብ ሳንመለስ ቀኑ አይዘጋም። ያን ጊዜ ብትነግረኝ ትነግረኛለህ። ባትመጣም ይገባኛል።"

ሣጥኑን አቅፋ መኪናው ላይ ወጣች። ጋሽ በዳሳ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉላት፤ ላንድሮቨሩም ቁልቁለቱን ቀስ እያለ ወረደ። ያሕያ መኪናው እየታየ ሳለም፣ ከጠፋ በኋላም ቆሞ ቀረ። ከሁለት ዓመት ናፍቆት ይልቅ የዚያች ጠዋት ናፍቆት ከበደው።

*

ወደ ሱቅ አልተመለሰም። እትዬ ዘይነብ ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው፣ ከራሳቸው ጋር እያወሩ ብቻቸውን ወረዱ። ያሕያ ዓለቱ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። የቁስቋም ደወል ተሰማ፤ ዝሁር ሰገደ፤ ፀሐይዋ ከራሱ በላይ አልፋ ወደ መናገሻ በኩል አዘነበለች። ቀኑን ሙሉ ያችን አንዲት ጥያቄ ሲያገላብጥ ነበር። መልሱን ያውቀዋል። የሚፈራው መልሱን ሳይሆን፣ ስትሰማው የሚሆነውን ፊቷን ነው።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው የላንድሮቨሩ ድምፅ ዳገቱን ወጣ። ጀዊሪያ አቧራ መስላ ወረደች፤ ቅንድቧ ሳይቀር ቡናማ ሆኗል። እቅፏ ግን እንደ ጠዋቱ ነው። ያሕያን ስታይ አንዴ ቆም አለች። ሰላም ሳትለው አልፋው ሣጥኑን ዓለቱ ላይ አሳረፈች።

ጋሽ በዳሳ መዝገቡንና እርሳሱን ለያሕያ ዘረጉለት። "ዓይኔ አቧራ ገብቶበታል፤ አንተ ጻፍላት" አሉ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም ነበር።

ጀዊሪያ አልተቃወመችም። የመጀመሪያውን ንባብ ወሰደች፤ ቁጥሩን ነገረችው፤ ጻፈ። ከጠዋቱ ቁጥር ጋር ሲያስተያየው ልዩነት አለው።

"ዓለቱ ተንቀሳቅሶ ነው?"

"ዓለቱ የትም አልሄደም። መሣሪያው ነው የሚስተው። ቀን ሙሉ ሲንከራተት ትንሽ ትንሽ ይስታል፤ ለዚህ ነው የምንመለሰው። ምን ያህል እንደሳተ ካወቅን የቀኑ ሥራ ይድናል። ካላወቅን ሁሉም ይጣላል።" ዓይኗን ከቀዳዳው ሳታነሣ ነበር የምትናገረው። "እሺ። ስንት ቀን?"

ያሕያ እርሳሱን ጨበጠ።

"ስምንት ቀን ሙሉ በሙሉ አምኜዋለሁ፣ ጀዊሪያ። አንዲት ሰዓት ሳልጠራጠር። በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አነበብኩ፤ ያን ጊዜ ይህን የጻፈች ሴት እንዲህ አታደርግም አልኩ። ግን አልመጣሁም። የላክሁትን ደብዳቤ ከፊትሽ ቆሜ የምክድበት ወኔ አጣሁ። ስምንቱን ቀን ያመንኩት ሞኝ ስለሆንኩ ነው። የቀረውን ዝም ያልኩት ግን ፈሪ ስለሆንኩ ነው። እሱ ይብሳል።"

 ከጀዊሪያ ሻሽ በታች አንገቷ ላይ አንድ የደም ሥር ሲመታ አየ።

ያኔ ከታች በኩል ኮቴ ተሰማ። እትዬ ዘይነብ ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጥተው፣ ላባቸው ፊታቸው ላይ ይወርዳል። የሚሉትን እየተናገሩ ነው የደረሱት።

"አንቺ ልጅ፣ ጠዋት አፌ ተሳስሮ ይቅርታ ሳልልሽ ወረድኩ። አውፍ በይኝ። ለወንድሜም ሁሉንም ነገርኩት፤ ሱቁን ዘግቶ ነው የሰማኝ። ምን አለ መሰለሽ? 'አርባ ዓመት ሙሉ የማንንም ሜትር አላጎደልኩም፤ የየቲም፣ አባት የሌላት ልጅ ስም ግን ከእኔ ቤት ወጥቶ ጎደለ። ስሟን ያጎደለ ቤት ይሙላው፤ ሽማግሌ ይላክ' አለ። እናትሽ ቤት የሚገኙት በምን በምን ቀን ነው?"

 ያሕያ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነው ቃል ይኸው መጣ። ጀዊሪያ ግን ቀስ ብላ ተነሥታ ቆመች፤ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

"አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ ዘይነብ። ለሐጂም አላህ ይስጥልኝ፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ግን የእኔ ስም አልጎደለም። ስሜን ለመሙላት ከሆነ ሽማግሌ አይላክ። እኔ የማንም ጥፋት ካሣ ሆኜ ሰው ቤት አልገባም። ሥራዬም አለ። በመጋቢት ወደ ሸለቆው እወርዳለሁ፤ እስከ ክረምት አልመለስም። ካገባሁም በኋላ እወርዳለሁ። ይህንን ለሐጂ ይንገሯቸው።"

እትዬ ዘይነብ ወደ ያሕያ ዞሩ። ጋሽ በዳሳም ዞሩ። ያሕያ በሕይወቱ ሁሉ አባቱ ሲናገሩ፣ አክስቱ ሲናገሩ፣ ደንበኛ ሲናገር የሚሰማ ልጅ ነበር። አሁን ሌላ የሚናገርለት ሰው የለም።

"ጀዊሪያ፣ አባቴ ስለ ስምሽ ይላክ ይበሉ፤ የእሳቸው ጉዳይ ነው። እኔ ሽማግሌ የምልከው ስለ ራሴ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ተንበርክከሽ ሳይሽ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እስከ ዛሬ አንድም ነገር እንዲህ ተጠንቅቄ ይዤ አላውቅም። ከእጄ ሳይወድቅ የቀረ የለም፤ አንቺንም ጣልኩሽ። መያዝ አስተምሪኝ። በመጋቢት ውረጂ፤ እስከ ክረምት ቆዪ። ሥራሽን ተዪ የሚል ቢመጣ፣ አባቴም ቢሆኑ፣ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጨርሱ። ይህን ሁሉ ማድረግ የምትችል ሴት ሚስቴ ናት ብዬ ጉለሌ መሐል ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም።"

ድምፁ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ጀዊሪያ አየችው። ረጅም ጊዜ፣ ልክ በቀዳዳው ውስጥ እንደምታየው፣ ሳትቸኩል አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተንበረከከች፤ ዓይኗን መሣሪያው ላይ አደረገች፤ ዘዋሪውን አዞረች። ሁለተኛውን ቁጥር ነገረችው። ያሕያ ጻፈ፤ ከዓይኑ የወረደው ጠብታ ቁጥሩ ላይ አረፈ።

"መዝገቡን አታርጥብብኝ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "የመንግሥት ነው።"

"እሺ።"

"ስምንት ቀን ነው ያልከው?"

"ስምንት።"

"መሣሪያው ምን ያህል እንደሳተ አይናገርም፤ ለፍቼ ነው የማወጣው። አንተ ግን ነገርከኝ።" ጣቷ ዘዋሪው ላይ ቆመ። ቀና ሳትል ጨመረች፦ "እትዬ ዘይነብ፣ እናቴ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤት ናት።"

እትዬ ዘይነብ ለእልልታ አፋቸውን ሲከፍቱ ጀዊሪያ እጇን ብድግ አደረገች። "ይጠብቁኝ እትዬ! አንድ ንባብ ቀርቶኛል፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስ!"

እትዬ ዘይነብ አፋቸውን በነጠላቸው ጠቀጠቁት። ጋሽ በዳሳ አንድ እግራቸውን ከመኪናው ሊያወርዱ ሲሉ በአየር ላይ አቆሙት። ያሕያ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ያዘ። የጀዊሪያ ከንፈር በፈገግታ ሲከፈት፣ ጉንጯ ላይ ያለውን አቧራ እንባዋ ሰንጥቆት ሲወርድ አየ፤ ጣቶቿ ግን እየሠሩ ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ያሕያ የሚጽፈውን ቁጥር ሲጠብቅ፣ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት እንደማያውቅ አወቀ።